የባንቺአየሁ ማድረቂያ

«አሥራ ሦስት ናቸው። ሁሉም አውራ ያያቸው ናቸው፤ አንዱም አይበላሽም» አሉ እትዬ ሀብትነሽ፣ ጭድ የተጎዘጎዘበትን ዘንቢል ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቀስ አድርገው እያስቀመጡ።

ባንቺአየሁ እጇ እስከ ክርኗ የማንጎ ጭማቂ ሆኗል። ቢላዋውን እንደያዘች መጀመሪያ እንቁላሎቹን አየች፣ ቀጥላ ጎረቤቷን አየች።

«ምን ላድርጋቸው እትዬ?»

«ምን ታደርጊያቸዋለሽ? ክተቻቸዋ!» ግድግዳው ሥር ተቀምጣ እንደ ንብ ቀፎ የምታጉረመርመውን ነጭ ሣጥን በአገጫቸው አመለከቱ። «ሃያ አንድ ቀን አይደል? እኔ አልቸኩልም። ሲፈለፈሉ ሦስቱ ያንቺ ናቸው።»

ባንቺአየሁ ሳቋ አመለጣት። ጥፋቷም ይኸው ነው፤ እትዬ ሀብትነሽ ሲስቁ እንጂ ሲሳቅባቸው የሚወዱ ሴት አይደሉም።

«ኧረ እትዬ፣ ይቺ እኮ ጫጩት አትፈለፍልም! ማድረቂያ ናት። ማንጎ፣ ቲማቲም፣ ካሮት፣ እንዲህ ያለውን ነው የምታደርቀው።»

እትዬ ሀብትነሽ ከሣጥኗ በር ፊት ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን አስጠጉ።

«ትሞቃለች» አሉ።

«አዎ፣ ትሞቃለች።»

«ትነፍሳለች።»

«ትነፍሳለች።»

«መደርደሪያ አላት።»

«አላት፤ ግን እኮ…»

«እኔ የጫጩት ማሽን አይቻለሁ ልጄ። ይሞቃል፣ ይነፍሳል፣ መደርደሪያ አለው።» ቀና ብለው ዘንቢላቸውን አነሱ። «ማንጎ ለማድረቅማ ፀሐይ መች ጠፋ? አይሆንልኝም ካልሽ አይሆንልኝም በይኝ። ጎረቤት እንዲህ አይታለልም።»

ወጡ። እንቁላሎቹም አብረዋቸው ወጡ።

ጊዜው ግንቦት ነበር። በፍኖተ ሰላም በግንቦት ማንጎ ያልሰለቸው ሰው አይገኝም። በባንቺአየሁ ጓሮ ሦስት የማንጎ ዛፎች አሉ፤ ባሏ ክንዱ ልጃቸው ትሕትና በተወለደች ዓመት የተከላቸው ናቸው። ሦስቱም የተማከሩ ይመስል በአንድ ሳምንት ይበስላሉ። ለጎረቤት ልስጥ ብላ ሰሃን ይዛ ስትወጣ፣ ጎረቤቷም ለእሷ ልትሰጥ ሰሃን ይዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። የተረፈው ዛፉ ሥር ወድቆ የዝንብ ሠርግ ይሆናል። ቲማቲሙም እንደዚያው ነው፤ የማንኩሳ መስኖ ሲደርስ በየበሩ ይራገፋል፣ ክረምት ሲገባ ግን ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም።

የባንቺአየሁ ዓይን ግን ግንቦት ላይ አልነበረም። ነሐሴ ሰባት ላይ ነበር። ያን ቀን የሥላሴ ማኅበር ተረኛ እሷ ናት።

ከሦስት ዓመት በፊትም ተራዋ በዚሁ በፍልሰታ ጾም ላይ ወድቆ ነበር። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት፣ ገበያው ባዶ ሆኖ፣ ሽሮና ጎመን ብቻ አቀረበች። ሰው በልቶ፣ መርቆ፣ ሊነሳ ሲል እትዬ ሀብትነሽ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ዛሬስ ጾሙን እኛ አልጾምነውም፤ ባንቺአየሁ ናት ያስጾመችን» አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ባንቺአየሁም አብራ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ነገሩ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ተሰነቀረ ቀረ።

ስለዚህ አዲስ አበባ በነርስነት የምትሠራው ትሕትና ማሽኗን አውቶቡስ ላይ ጭና ስትልክላት፣ ሌላ ሴት ወርቅ ቢላክላት እንደምትሆነው ሆነች።

ሙያው ግን ወዲያው አልገባትም። መጀመሪያ ማንጎውን እንደ ዳቦ አወፈረችው፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ረጥቦ ቀረና በሳምንቱ ብልቃጥ ውስጥ ሻግቶ ጢም አበቀለ። ሁለተኛውን እንደ ወረቀት አሳሳችውና ማሽኗን ረስታ ገበያ ዋለች። አናጢው ክንዱ አንዱን ቁራጭ አንስቶ በጥፍሩ አንኳኳና፣ «ሚስማር ይይዛል?» ሲል ጠየቃት።

ሦስተኛው ላይ ሆነላት። ሁሉንም የእርሳስ ውፍረት አስመስላ መቁረጥ፣ እንዳይጠቁር ሎሚ ማስነካት፣ ሙቀቱን ስልሳ ላይ ማድረግ። ሲታጠፍ የማይሰበር፣ ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን ማውጣት። ከዚያ በብልቃጥ ከድኖ ሳምንት ሙሉ ክዳኑን ማየት፤ ክዳኑ ካላበው ውስጡ ገና ውኃ አለና ተመልሶ ማሽኗ ውስጥ ይገባል።

ክንዱ ማሽኗን «ነፋስ ቀላቢ» ይላታል። አንድ ቀን ግን ምንም ሳይናገር ከቡሬ ባመጣው እንጨት በልኳ የተሠራ፣ እንዳትንሸራተት ዙሪያውን ጠርዝ ያለው ጠረጴዛ ይዞ ገባ።

«የተራረፈ እንጨት ነው» አለ።

የተራረፈ እንዳልነበረ ባንቺአየሁ ታውቃለች። እሱም እንደምታውቅ ያውቃል።

ሐምሌ ሲገባ ጓዳዋ ውስጥ አሥራ ሁለት ብልቃጥ ተሰልፏል፤ ስድስቱ ቲማቲም፣ አራቱ ማንጎ፣ ሁለቱ ካሮትና ቃሪያ። አንዳንዴ ጓዳ የሚያስገባ ሥራ ሳይኖራት ትገባና አይታቸው ትወጣለች።

እስከዚያው ግን ሌላ ነገር ከቤት ቤት ይዞር ነበር። በግንቦት ወሬው ቅናት ብቻ ነበር፦ «ባንቺአየሁ ጫጩት እየፈለፈለች ማንጎ ነው ትላለች።» ፍልሰታ ሲገባ ወሬው መልኩን ለወጠ።

የነሐሴ ሰባት ዕለት ጠዋት፣ ለማኅበሩ ብላ ፈቃድ ወስዳ የመጣችው ትሕትና ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ልታመጣ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«እማዬ፣ ሴቶቹ የሚሉትን ሰምተሻል?»

«ምን ይላሉ?»

«እንቁላል በተፈለፈለበት ዕቃ የደረቀ ነገር በጾም አንቀምስም ነው የሚሉት። ዳቦና ጠላውን ቀምሰን እንሄዳለን ብለው ተስማምተዋል።»

የባንቺአየሁ ማማሰያ ድስቱ ውስጥ ቆመ። ደርቆ የከረመው ቲማቲም ውኃውን መልሶ ጠጥቶ፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ተቁላልቶ፣ ከእሸቱ ይልቅ ደምቆ እየተንተከተከ ነው። ሽታው ግቢውን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ሽታ ነው።

«ይሄ ምን ችግር አለው?» አለ ክንዱ ከበሩ ሆኖ። «ከደምበጫ ገበያ አስመጣሁት በይ። መኪናው እንደሆነ በየቀኑ ያልፋል። ወጡ ይበላል፣ ስምሽ ይነሳል፣ በሰላም እናድራለን።»

«ታዲያ የሚመሰገነው የደምበጫ ነጋዴ ነዋ!»

«ወጡን የሠራሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ወጥማ ማን የማይሠራው አለ?» አለችና ፊቷን ወደ ድስቱ መለሰች። እሺም እንቢም አላለችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ወጣ። ማኅበርተኛው ጃንጥላውን እያራገፈ፣ ጫማውን ደጃፍ ላይ እየጠረገ ገባ። የሰፈሩ የቅኔ መምህር መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ገነነ፣ ከጽዋው አጠገብ ተቀመጡ። ትሕትና ማዕዱን አቀረበች፤ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ መካከል ላይ ደግሞ ያ ቀይ የቲማቲም ስልስ።

ወንዶቹ ወሬው ሳይደርሳቸው ቀርቶ ይሁን ረሃቡ ብሶባቸው፣ ሳይጠይቁ ጀመሩ። በሴቶቹ በኩል ግን ጣቶች ቀዩን ገደል ይመስል በዳር በዳሩ ዞሩት። እትዬ ሀብትነሽ እንዲያውም ቀዩ የነካውን እንጀራ ለይተው ትተውታል።

«ባንቺአየሁ» አሉ ሙሴው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከቀዩ እየጠቀለሉ፣ «እኔ ቲማቲም በዓይኔ ካየሁ ወር አለፈኝ። በዚህ ዝናብ ከየት አገኘሽው?»

ክንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱማ፣ መኪናው በየቀኑ ስለሚያልፍ…»

«ከማሽኗ ነው» አለች ባንቺአየሁ። ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «በግንቦት የማንኩሳን ቲማቲም እኔ ራሴ ቆርጬ፣ በማሽኗ አድርቄ ያስቀመጥኩት ነው።»

 የመሪጌታ ጉርሻ ከአፋቸው ደጅ ቆመ።

«ይኸው! እኔ ምን አልኩ?» አሉ እትዬ ሀብትነሽ፣ ሴቶቹን አንድ በአንድ እያዩ። «በአፏ ተናገረች። የኔታ፣ የጫጩት ማሽን ናት። ትሞቃለች፣ ትነፍሳለች፣ መደርደሪያ አላት፤ ጎንበስ ብዬ ያየኋት እኔ ነኝ።»

ባንቺአየሁ ፊቷን አዞረች። ወደ ጓዳ ገባች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ክንዱ ተከትሏት ገባና ጠረጴዛውን ተሸክሞ ቀድሟት ወጣ። ቤቱ መካከል አኖረው። እሷም ማሽኗን አምጥታ ላዩ ላይ አስቀመጠቻት።

«ጠረጴዛው የኔ ሥራ ነው» አለ ክንዱ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ባንቺአየሁ በሩን ከፈተችና ወንፊት የመሰሉትን ትሪዎች አሳየች። «የኔታ፣ ከአንዱ ትሪ እስከ አንዱ ሁለት ጣት ነው። ይለኩት።»

መሪጌታ ሳያዩ የሚፈርዱ ሰው አይደሉም። እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው በሁለት ጣታቸው ለኩ።

«እንቁላል አለሽ?»

«በፍልሰታ? በማኅበር ቀን? በእኔ ቤት የኔታ?»

«ጥሩ መለስሽ። ሎሚ አምጪልኝ።»

ትሕትና ሮጣ ሎሚ አመጣች። መሪጌታ ሎሚውን በሦስት ጣታቸው ይዘው ወደ እትዬ ሀብትነሽ ከፍ አደረጉት።

«ሀብትነሽ፣ የአንቺ ዶሮዎች እንቁላል ከዚህ ሎሚ ይተልቃል፣ ያንሳል?»

እትዬ ሀብትነሽ በብዙ ነገር ይታማሉ፤ በዶሮዎቻቸው ግን ማንም አያማቸውም፣ እሳቸውም አያስነኩም።

«የእኔ ዶሮዎች? ኧረ የኔታ! ይሄንንማ እጥፍ ያክላል እንጂ!»

«እንደሱ ነው» አሉ መሪጌታ። ሎሚውን ከትሪዎቹ መካከል አስገቡት። ግማሽ ድረስ ሄደና ቆመ። ገፉት። ሎሚው ተጨምቆ አንዲት ጠብታ ጢማቸው ላይ ተፈናጠቀችባቸው፤ አልገባም።

«እንግዲህ» አሉ ጢማቸውን እየጠረጉ፣ «ሎሚው ካልገባ የሀብትነሽ እንቁላል አይገባም። ምስክሯ ራሷ ሀብትነሽ ናት።» ያቋረጡትን ጉርሻ አነሱና ከቀዩ አብዝተው ጠቅልለው ጎረሱ።

መጀመሪያ የሳቁት ሙሴው ናቸው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። በሴቶቹ በኩል አንዲት እጅ ወደ ቀዩ ሄደች፣ ሌላዋ ተከተለቻት፤ ጥቂት ቆይቶ ትሕትና ሁለት ጊዜ መጨመር ነበረባት። ማንጎው በሰሃን ሲዞር ደግሞ ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አንድ አንድ ቁራጭ ጉንጫቸው ውስጥ አድርገው መምጠጥ ያዙ።

«በነሐሴ ማንጎ!» አሉ ሙሴው። «ሙያ ማለት ይሄ ነው። እስቲ እንዴት አደረግሽው?»

መጠየቅ አልነበረባቸውም። ባንቺአየሁ ከቢላዋው አያያዝ ጀምራ ስለ እርሳሱ ውፍረት፣ ስለ ሎሚው፣ ስለ ስልሳው ሙቀት ነገረቻቸው። ስለ ብልቃጡ ክዳን ላብ ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው። ጢም ስላበቀለው ማንጎም አልደበቀችም። ክንዱ በየመካከሉ ራሱን እየነቀነቀ፣ «እኔም ብያታለሁ» ይላል፤ ምን እንዳላት ግን አይናገርም።

ዝናቡ ሲያባራ ጽዋው የሚተላለፍበት ሰዓት ደረሰ። የመስከረም ተረኛ እትዬ ሀብትነሽ ነበሩ። ተነስተው ጽዋውን ሲቀበሉ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ነበር፤ በቋጠሮው ቀዳዳ የማንጎ ቁራጭ ብቅ ብላ ትታያለች።

ባንቺአየሁ አየቻት። ሦስት ዓመት ሙሉ ድስት ባጠበች ቁጥር እያሰላች፣ እያሳመረች ያቆየችው አንድ አረፍተ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሰውም ሁሉ ለመሳቅ ዝግጁ ነበር። እትዬ ሀብትነሽም የሚመጣውን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ጽዋውን አጥብቀው ይዘው አገጫቸውን ቀና አድርገዋል።

ባንቺአየሁ አረፍተ ነገሯን ዋጠቻት።

«እትዬ» አለች፣ «ጓሮዎ ጎመን ሞልቷል። ዝናቡ ሲያቆም አይገኝም። ማሽኗን ይውሰዷትና ይጠቀሙባት። ትሕትና ዛሬውኑ መጥታ ታሳይዎታለች።»

የክንዱ አፍ ተከፈተ። ባንቺአየሁም ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ልቧ ስንጥቅ ያለው፤ እጇ ሳታዝዘው ሄዶ በማሽኗ ላይ አረፈ። ቢሆንም ቃሏን አልመለሰችም።

እትዬ ሀብትነሽ ማሽኗን አዩ። ትሪዎቹን አዩ። የተጨመቀውን ሎሚ አዩ።

«ከነጠረጴዛዋ?» አሉ።

«ከነጠረጴዛዋ።»

«እሺ፣ ትምጣ» አሉ እትዬ ሀብትነሽ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ሃያ አንድ ቀን ግን አቆያታለሁ።»