የአረጋሽ አሜን

ጀርመን አገር፣ ጊንሃይም በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከረጅሙ የስልክ ማማ አጠገብ፣ በኪራይ አዳራሽ የሚሰበሰበው የሐበሾች ጉባኤ አንድ ያልተጻፈ ደንብ ነበረው፤ ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ሲገኝ ስብከቱ ያጥራል። የጉባኤው መሪ ወንድም በሪሁን አንዴ ከጀመሩ መቆሚያ ስለሌላቸው፣ ሰው ሁሉ ምስክር ይናፍቃል።

አረጋሽ ግን መስክራ አታውቅም። በሩ አጠገብ ትቀመጥና የሥራ ተራዋ ሲደርስ ሹልክ ብላ ትወጣለች። ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የሕፃናት ነርስ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትሠራው ካንሰር የያዛቸው ልጆች በሚተኙበት ክፍል በመሆኑ፣ “ሥራ እንዴት ነው?” ላላት ሁሉ “ተመስገን” ብላ ታልፋለች። ስለ ታማሚ ውጭ ላለማውራት ፈርማለች፤ ሽቫይገፍሊኽት ይሉታል፣ አፍሽን ያዢ ማለት ነው። እሷ እንኳን ፈርማ ሳትፈርምም አፏን የያዘች ሴት ነበረች።

በፈረንጆቹ 1996 መግቢያ ላይ ሃይሚ ወደ ክፍሉ መጣች። የሰባት ዓመት ልጅ፣ የደም ካንሰር። እናቷ ራሕዋ ኖርድቬስትሽታት በሚባል ሰፈር ስምንተኛ ፎቅ ላይ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ቢሮ የምታጸዳ፣ የዚያው ጉባኤ አባል ናት። አረጋሽን ኮሪደሩ ላይ ስታያት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

“ሓፍተይ፣ እህቴ! ለካ እግዚአብሔር ቀድሞ አንቺን እዚህ አስቀምጦልኛል!”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃይሚ አረጋሽ እጇን ካልያዘቻት መርፌ አታስወጋም። ፀጉሯ ሙልጭ ብሎ ያለቀ ዕለት መስታወት አይታ፣ “ሽቬስተር አረጋሽ፣ ወንድም በሪሁንን መሰልኩ እኮ!” አለቻት በጀርመንኛ፤ ሽቬስተር ነርስ ማለት ነው። አረጋሽ እስኪያማት ሳቀች፤ ከዚያ መድኃኒት ክፍል ገብታ አለቀሰች። ልጅ አልነበራትም፤ ይህችን ልጅ ወደደቻት።

በአምስተኛው ሳምንት ውጤት ደረሰ። ሐኪሟ ራሕዋን አስቀምጣ፣ “ደሟም መቅኔዋም ውስጥ አንድም የካንሰር ሕዋስ አላየንም” አለቻት። ራሕዋ ከዚህ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። የተባለው ግን ይህ ነበር፤ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም፣ ሕክምናው ገና ሁለት ዓመት ይቀራል፣ ኪኒኑ በየቀኑ፣ ቴርሚኑ፣ ማለትም ቀጠሮው፣ በየሳምንቱ ነው፣ ከተቋረጠ በሽታው ይመለሳል። አረጋሽ አጠገባቸው ቆማ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ራሕዋ እያለቀሰች ራሷን ነቀነቀች፤ ሐኪሟም ገብቷታል ብላ መዝገቡ ላይ ጻፈችና ልጅቷን ለጊዜው ወደ ቤት አሰናበተቻት።

በማግሥቱ እሁድ ነበር። ራሕዋ ልጇን በእጇ ይዛ መድረክ ላይ ወጣች። ሃይሚ ቀይ ኮፍያ አድርጋለች። ሕክምናው ሰውነቷን በሽታ መከላከል ስላሳጣው ሰው መሀል መግባት የማይገባት ልጅ መቶ ሃያ ሰው ሲያቅፍና ሲስማት አረጋሽ አየች።

“አንድም አላየንም አሉኝ! ጌታ ልጄን ፈውሷታል! ከእንግዲህ ያ መርዝ አፏ አይገባም!”

እልልታው ቀለጠ። ወንድም በሪሁን እጃቸውን አንስተው ጸጥ አስደረጉና ዓይናቸውን ወደ በሩ ወረወሩ። “የሚጠራጠር ካለ እህታችን አረጋሽ የምትሠራው እዚያው ሆስፒታል ነው። ተነሺ እስቲ የኔ እህት።”

አረጋሽ ተነሳች። የምትለውን ጠንቅቃ ታውቀው ነበር፤ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ደሟ ጠርቷል። መድኃኒቱ ግን መቀጠል አለበት። ሁለተኛውን ብትናገር ራሕዋን በሰው ፊት ማዋረድ፣ ደስታዋን ከእጇ መንጠቅ፣ ራሷም እምነት የለሽ መባል ነው። ፊርማዋም ድንገት ትዝ አላት። ፈሪ ሰው መቼም ሕግ አያጣም።

“ደሟ ጠርቷል?” አሉ ወንድም በሪሁን።

“አዎ፣ ጠርቷል።”

“ጌታ ፈውሷታል?”

ራሕዋ ከመድረኩ ላይ በእንባዋ መሀል ፈገግ ብላ ታያታለች።

“አሜን” አለች አረጋሽ።

አዳራሹ ተናወጠ። ለቴርሚኗ ስትመጣ ለብቻዋ እነግራታለሁ ብላ ራሷን አጽናናች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራ፣ ያን ቀን ረሳችው።

ራሕዋ ለቴርሚኑ አልመጣችም። ሆስፒታሉ ደወለ፤ ስልክ የሚያነሳ የለም። ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ የለም። በሁለተኛው ሳምንት አረጋሽ በኡ-ባን፣ በከተማው ባቡር፣ ሄዳ ስምንተኛ ፎቅ ወጣችና በሩን ደበደበች። የጎረቤቱን በር ከፍተው ብቅ ያሉት አቶ ትኩእ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ።

“ሆላንድ ሄደዋል እኮ ልጄ፣ እህቷ ዘንድ። ልጅቷ ድና የለ! ምስጋና ሊያደርሱ ነው።”

“አድራሻቸውን ያውቃሉ አንቱ?”

“ከየት አውቄው።”

አረጋሽ ለሐኪሟ ሆላንድ መሄዳቸውን ነገረቻት። “ለምን?” ብላ ስትጠይቃት ግን “አላውቅም” አለች። አንዱ ዝምታ ሌላውን እየወለደ ሄደ፤ በየሌሊቱ እንቅልፍ የምታጣው እሷ ብቻ ነበረች።

ሃይሚ ከዚያ እሁድ በኋላ በአሥረኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በአምቡላንስ ተመለሰች። ትኩሳቷ አልወርድ ብሏል፣ ድዷ ይደማል፣ እግሯን ሁሉ ቀይ ነጠብጣብ ወርሶታል። አረጋሽ የደም ውጤቱን ወረቀት ደጋግማ አነበበችው። ሐኪሟ እንደገና እንሞክራለን አለች፤ ድምፅዋ ግን የሚሞክር ሰው ድምፅ አልነበረም። በሽታው እንዲህ በቶሎ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለአረጋሽ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

“ሽቬስተር አረጋሽ” አለቻት ሃይሚ በደከመ ጀርመንኛዋ፣ “ድኜ አልነበር እንዴ?”

አረጋሽ ትራሱን አስተካከለችላት። መርፌው ሲገባ እጇን ያዘቻት፤ ልጅቷ መልስ ሳትጠብቅ እንቅልፍ ወሰዳት።

ራሕዋ ከአልጋው ማዶ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። በአሥር ሳምንት አሥር ዓመት አርጅታለች።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለች ቀስ ብላ። “ሆላንድ ሳለን አንድ ጠዋት ፊቷ ገረጣብኝ። ፈራሁ፣ ተጠራጠርኩ። ከቦርሳዬ አንዲት ኪኒን አውጥቼ ሰጠኋት። አንዲት ብቻ። ጌታ ፈውሱን የወሰደብኝ ያን ቀን ነው።”

“ኪኒኑ አይደለም፣ ራሕዋ። በጭራሽ ኪኒኑ አይደለም።”

“ታዲያ ምንድነው?”

አረጋሽ አፏን ከፈተች። እውነቱን ብትነግራት፣ በሽታውን የመለሰው ኪኒኑን መስጠትሽ ሳይሆን መከልከልሽ ነው ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ በልጇ አልጋ ማዶ ለተቀመጠች እናት የሚናገር አንደበት ከየት ይምጣ? በጊዜው ያልተነገረ ነገር አሁን ቢነገር መድኃኒት አይሆንም፤ ቢላ ነው።

“እኔ ነኝ” አለች በመጨረሻ። “ያን እሁድ… ጥፋቱ የኔ ነው።”

ራሕዋ ነገሩ ሳይገባት ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያም በተኛችው ልጅ ላይ እጇን ዘርግታ የአረጋሽን እጅ ያዘች።

“አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ፣ ሓፍተይ? አንቺማ አሜን ነው ያልሽው።”

ይህን ብላ አንገቷን ደፋችና ስለዚያች አንዲት ኪኒን ጌታን ይቅርታ መለመን ጀመረች። አረጋሽ እጇን ማስለቀቅ አልቻለችም።