የቀያሹ ደብዳቤ

እናቴ በስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ባል ልታገባ እንደሆነ የነገረችኝ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ቅዳሜ ሰዎች ይመጣሉ» አለች።

«ምን ሰዎች?»

«ሽማግሌዎች።»

«ለማን?» አልኩ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስት ሴቶች ነን። ልጄ ሔቨን ገና ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እኔ አርባ ስድስት ሞልቶኛል፤ ባሌ ትቶኝ ከሄደ ስድስት ዓመቱ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ ለኔ መስሎኝ ልቤ ድንግጥ አለ።

«ለኔ ነዋ» አለች እናቴ።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ማነው ደሞ ሙሽራው?»

«አቶ ሀይለማርያም።»

አውቃቸዋለሁ እንጂ! ከአገር ርቀን በምንኖርባት አውሮራ ከተማ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ባለ የአረጋውያን መዋያ ነው የምሠራው። እናቴም በሳምንት ሦስት ቀን እዚያው ትውላለች። አቶ ሀይለማርያም ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሌሎቹን አረጋውያን በቫን ነው የምናመላልሳቸው፤ እሳቸው ግን በገዛ መኪናቸው መጥተው፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ፓርክ አድርገው፣ ኮታቸውን አስተካክለው ይገባሉ። ዝምተኛ ናቸው፤ ከኋላ ወንበር አይጠፉም። በክረምቱ እናቴን ጉልበቷን ሲያማት ቤታችን መጡና ደረጃውን በሜትር ለኩ። በማግስቱ የእጅ መደገፊያ ሠርተው አምጥተው ገጠሙላት። ሻይ እንኳ አልጠጡም። እኔ ሞኟ ጨዋነት መስሎኝ እንዴት እንዳመሰገንኳቸው! ለካ ሰውዬው ሥራ ላይ ናቸው።

«ከፋሲካ በኋላ ቆርበን አብረን እንኑር አሉኝ» አለች እናቴ።

«እዚህ?»

«የለም፣ እሳቸው ቤት።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ፀዳል።»

ትልቅ ሰው ነሽ። ባሌም ሻንጣውን ሲያወጣ ያለኝ ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አልዋሽም፤ ቀናሁ። በገዛ እናቴ ቀናሁ። ከሥራ ስገባ የሞቀ ምግብ የሚጠብቀኝ በሷ ነው፤ ሔቨንን ያሳደገችልኝ እሷ ናት፤ የምትሄድ ከሆነ ብቻዬን መቅረቴ ነው። ግን ያቃጠለኝ እሱ ብቻ አይደለም። እኔን ዘወር ብሎ የሚያይ አጥቼ፣ ጉልበቷን እያሻሸች ለምትውል ሴት ሽማግሌ ይላካል?

«እና ምን ልትያቸው ነው?»

«እንጃ። እፈራለሁ።» ቢላዋውን አስቀመጠች። እንደ ኮረዳ አፈረች፤ እውነቴን ነው፣ ጆሮዋ ቀላ። «ነገ ፊልሙ ያልቅ የለ? እስቲ ልጅቷ ምን እንደምትል ልይ።»

ፊልሙ እንዲህ ነው። በጾሙ ወራት ዓርብ ዓርብ ለአረጋውያኑ አንድ የእንግሊዞች ፊልም ከፋፍዬ አሳያለሁ፤ ከድሮ ልቦለድ የተሠራ፣ ባለ ሰረገላና ባለ ረጅም ቀሚስ። ወይዘሮ አፀደ መጀመሪያ «በዓቢይ ጾም የፍቅር ፊልም!» ብለው አማትበው ነበር። ኋላ ሴቶቹ እስከ አገጫቸው ተቆልፈው ሲያዩ «እነዚህስ ከኛ ይሻላሉ» አሉና የፊት ወንበር ያዙ። የምተረጉመው እኔ ነኝ። አገር ቤት ቪዲዮ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ተርጓሚው አንድ ነው፣ የወንዱንም የሴቷንም የአሮጊቷንም ብቻውን ይናገራል። እኔም በአንድ እጄ ሪሞት፣ በአንድ እጄ ማይክ ይዤ፣ ፖዝ እያደረግኩ እናገራለሁ። አረጋውያኑ ስክሪኑን ያዩታል እንጂ የሚያምኑት እኔን ነው።

ልጅቷ የሚሏት ሴት ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗታል፤ በዚያ ዘመን አለቀላት ማለት ነው። አባቷ በተወላት ቤትና መሬት የወንድሟን ልጆች እያሳደገች ትኖራለች። አንድ ቀን መሬት የሚለካ ቀያሽ ወደ ሰፈሩ ይመጣል። ዝምተኛ ነው፤ ሰንሰለት ይዞ በየሜዳው ሲለካ ነው የሚውለው። በሁለተኛው ዓርብ ላገባሽ ብሎ ጠየቃት። ፈርታ እምቢ አለችው። እናቴ ያን ቀን ድምፅ አውጥታ «ምነው!» ብላለች። ሦስተኛው ዓርብ ላይ የቀረው ደብዳቤው ነበር።

ዓርብ ዕለት እናቴ አዲሱን ሹራቧን ለብሳ ከወይዘሮ አፀደ አጠገብ ተቀመጠች። አቶ ሀይለማርያም ከኋላ ናቸው። ቀያሹ ደብዳቤውን በሩ ሥር አስቀምጦ ሄደ። ልጅቷ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ከፈተችው፤ የሱ ድምፅ ማንበብ ጀመረ። እንዲህ ነው የሚለው፦ «የዚህን አገር መሬት ሁሉ ለክቻለሁ። አንድ ክንድ እንኳ የኔ አይደለም፤ አልፈልገውምም። የምፈልገው ከወንበርሽ ፊት ለፊት ያለችውን ወንበር ብቻ ነው። ማታ ማታ እዚያ ቁጭ ብዬ አንቺን እያየሁ ላርጅ።»

ፖዝ አደረግኩ። ሃያ ሦስት ሰው አፌን ይጠብቃል። እናቴ ወደፊት ዘንበል ብላለች፤ ፊቷ ፈክቷል።

«ቤትሽን ለክቼዋለሁ» አልኩ በማይኩ። «መሬትሽንም ለክቼዋለሁ። አንቺ አርጅተሻል፤ ከእንግዲህ ሌላ የሚመጣልሽ የለም። ቶሎ ብትወስኚ ይሻልሻል።»

«ውይ!» አሉ ወይዘሮ አፀደ። «ሲለካ የከረመው ለዚህ ኖሯል?»

«ለዚህ ነዋ!» አለ አንዱ ከመሃል። «እኔ ድሮም ዓይኑን አላመንኩትም።»

«አፈር ይብላ! ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ደብዳቤውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ታለቅሳለች። ከኔ ትርጉም ጋር እንዴት እንደገጠመ! እናቴ ቀስ ብላ ወደኋላ ተደገፈች። ፊቷ ሲጠወልግ አየሁ፤ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ፊልሙ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የቫኑ ሹፌር እንዳልክ ክላክስ አደረገ። አጠፋሁት።

«መጨረሻውስ?» አሉ ወይዘሮ አፀደ።

«ታገባዋለች። መሬቱን ሸጦባት ይጠፋል። እሷም በሰው ቤት ስትንከራተት ትሞታለች» አልኩ። ከንፈር እየመጠጡ ወደ ቫኑ ወጡ። አቶ ሀይለማርያም ኮታቸውን ቆልፈው፣ ሳያዩኝ በአጠገቤ አለፉ።

እናቴን በመኪናዬ መለስኳት። ቤት ገብታ ደረጃው ሥር ቆመች።

«የኛንም ለክተዋል» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማ» አልኩ።

መደገፊያውን ሳትነካ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ እያቃሰተች ወጣች።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አቶ መስፍን የሚባሉ ሰውና አንድ የቤተ ክርስቲያን አባት። እንደ ወጉ ከተቀመጡበት ተነሥተው «ልጃችሁን ለልጃችን» ሊሉ ሲሉ ልጁ ሰባ ሁለት፣ ሰጪዋ ደግሞ የሙሽራዋ ልጅ መሆኗ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ አቶ መስፍን ሳል ብጤ ያዛቸው። እናቴ መኝታ ቤቷ ዘግታ ተቀምጣለች። ገብቼ ጠየቅኳት።

«ዕድሜዬ አልፏል፤ አሁን የማስበው ለነፍሴ ነው በያቸው» አለች።

ይህን አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ አደረስኩ። ፊቴንም እንደሚገባ አሳዝኜ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አቶ ሀይለማርያም መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቁኝ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ፀዳል፣ ልጄ» አሉ። «እዚህ አገር ስመጣ ካፒቶል ሂል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ለአራት ነበር የምንኖረው። ከዚያ ሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ ነዳሁ። የሰካራሙን፣ የዳኛውን፣ የሚያለቅሰውን ሁሉ እንግሊዝኛ ሰምቻለሁ።»

የመኪናዬን ቁልፍ በእጄ ጨበጥኩት።

«ቀያሹ ወንበር ነው ያላት» አሉ።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ አለ፤ ጥፋተኛ ስሆን እጮሃለሁ።

«እናትሽን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጅሽ ውሸታም ናት ልበላት? አላደርገውም። ያቺ ሴት ከልጇና ከልጅ ልጇ በቀር ምን አላት? ትዳር ፈልጌ መጣሁ እንጂ እናትና ልጅ ላጣላ አልመጣሁም።» ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቶርንተን ከተማ ልጄ ጋ እገባለሁ። እስከዚያ እጠብቃለሁ። ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው አስተካክዪው። ስልኬ አለሽ።»

ከዚያ ወዲያ ወደ መዋያው አልመጡም።

አልነገርኳትም። ነገ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ምሳዬ በዕቃ ተቋጥሮ በሩ ላይ ይጠብቀኛል፤ ከፋሲካ በኋላ እላለሁ። እናቴ ሰሙነ ሕማማቱን በስግደት ጨረሰችው፤ ያ ሁሉ የጉልበት ሕመም እያለባት። ፋሲካ ሲመጣ ዶሮውን ሠራች፣ አልበላችውም። አዲሱ ሹራብ ቁም ሣጥን ገባ።

የፋሲካው ሳምንት ሐሙስ ከሥራ ስገባ ቴሌቪዥኑ በርቷል። ሔቨን ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ፣ ከእናቴ ጎን ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ ድልድይ አለ፤ ልጅቷ የቀያሹን ሁለት እጆች ይዛ ትስቃለች። ፖዝ ተደርጓል።

«ማም» አለች ሔቨን። «መጽሐፉን እኮ ኢንግሊሽ ክላስ እያነበብን ነው። እማማ ልጅቷ ትሞታለች አለችኝ። ኖ! ሺ ሴይስ የስ፣ እሺ ትለዋለች! ደብዳቤው ኢዝ ላይክ ዘ ቤስት ፓርት። ዋይ ዉድ ዩ ቴል ኸር ዛት? ለምን እንደዛ አልሻት?»

«ክፍልሽ ግቢ።»

«በት ማም...»

«ግቢ አልኩሽ!»

ገባች። እናቴ አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። ዓይኗ ከድልድዩ ላይ አልተነሣም።

«ወንበር ነው ያላት» አለች። «የዚህች ልጅ አማርኛ እንኳ ይህን አስረዳኝ።»

«እማ፣ ተሳስቼ...»

«ተይ። ያንቺን አውቄዋለሁ፤ የወለድኩሽ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አቶ ሀይለማርያም እንግሊዝኛ ይሰማሉ?»

«ይሰማሉ።»

«ያን ቀን ከኋላ ነበሩ።»

«ነበሩ።»

«እንግዲህ አንቺ ስትዋሺ እየሰሙ ነው ዝም ያሉት?»

ዞር ብላ አየችኝ። ውሸታም መሆኔን ካወቀች ገና ዐሥር ደቂቃ አልሞላትም፤ እንደዚያም ሆኖ የምትጠይቀው ሌላ ሰው የላትም። እነዚያ ሃያ ሦስት አረጋውያን እንደሚጠብቁት አፌን ጠበቀች። መኪና ማቆሚያው ላይ የነገሩኝ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ባንቺና በኔ መካከል ላለመግባት ነው፤ እየጠበቁሽ ነው፤ ሦስት ቀን ቀርቶሻል፤ ስልካቸው ይኸው። ይህን ብላት ደሞ ሹራቧን ለብሳ፣ በገዛ እግሯ ከዚህ ቤት እንደምትወጣና ወደኋላ እንደማታየኝ አወቅኩ።

«አዎ፣ እማ» አልኩ። «እየሰሙ ነው ዝም ያሉት።»

አንድም ቃል ውሸት የለበትም።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው አልፈለጉኝም» አለች። «ሽማግሌዎቹንም የላኩት ቃላቸውን ማጠፍ አፍረው ነው፤ እምቢ ማለቴ ገላግሏቸዋል።» ቴሌቪዥኑን ራሷ አጠፋችው። «ምግቡ ምድጃው ላይ አለልሽ።»

እሑድ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ ስልኬ ጠራ። መሪው ሥር፣ የስኒ ማስቀመጫው ላይ ነበር። ስማቸውን አየሁት። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሻሸች ነው፤ መነጽሯን ስላላደረገች አላነበበችውም። ሳይለንት አደረግኩት።

«ማነው?» አለች።

«ከሥራ ነው» አልኳት።

«በሰንበትም አያስቀምጡሽ» አለች፤ አዘነችልኝ።