ቤተ ክርስቲያን የሌለው ገብርኤል

መርካቶ፣ ከጎጃም በረንዳ ወደ ቆዳ መጋዘኖቹ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ በርበሬ እሸጣለሁ። እንግዳ ሰው በመጣ ቁጥር «እትዬ ሠርኬ፣ ገብርኤል መንገድ ይሉታል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ታዲያ የታል?» ይለኛል። የለም! እዚህ አካባቢ ያለው ራጉኤል ነው፣ እሱም ወዲያ ነው። አንዲት ባልቴትማ ከሰላሌ መጥታ የቆዳውን መጋዘን ግድግዳ ተሳልማ ሄደች። ሽታው እንኳን አልመለሳትም። ለእያንዳንዱ ስመልስ ጉሮሮዬ ከሚደርቅ፣ ነገሩን አንዴ ልናገርና ልረፍ።

ያኔ፣ ጣልያን በወጣ በጥቂት ዓመቱ፣ መንገዱ ስም አልነበረውም። «ከቆዳው ጀርባ» ነበር የሚባለው፤ ይህ ደግሞ ስም ሳይሆን ስድብ ነው። ከእኔ ቀጥሎ በለጥሻቸው የምትባል የጎጃም ሴት ጌሾ ትሸጥ ነበር። ባሏ በጠላት ጊዜ ሞቷል፤ የቀረቻት አንዲት ልጇ ሙሉብርሃን ብቻ ነበረች።

ልጅቷ በተስቦ ወደቀች። ጠበሉም መድኃኒቱም አልሆን ሲል እናቲቱ በራፏ ላይ ቆማ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማት፣ «ገብርኤል ሆይ፣ ልጄን ከማርክልኝ ይህን መንገድ በስምህ አስጠራዋለሁ» ብላ ተሳለች። ሰው ጥላ ይሳላል፣ ሻማ ይሳላል፤ እሷ መንገድ ተሳለች። መንገድ የማን ሆነና ነው የሚሰጠው?

ልጅቷ ሞተች።

የጎጃም በረንዳ ተሸካሚዎች፣ አለቃቸው በሪሁን ከፊት ሆኖ፣ ሬሳዋን በትከሻቸው ወስደው ራጉኤል ቀበሯት። በለጥሻቸው አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ይህንንም አማ፤ አፍ መች ሥራ ይፈታል። እሷ ግን ከሐዘን በተነሣች ማግስት ሱቋን ከፍታ «ሠርኬ፣ ስለቴን ላገባ ነው» አለችኝ።

«የምን ስለት? ስለት እኮ ሲሰምር ነው የሚገባው! ምን ተደረገልሽና ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። ንዴቴ በእሷ አልነበረም፤ በመልአኩ ነበር። ይቅር ይበለኝ።

«አውቃለሁ» አለችና ጌሾዋን መልቀም ቀጠለች።

መርካቶን የማያውቅ ሰው ለመንገድ ስም የሚያወጣለት ሹም ይመስለዋል። ስም የሚያወጣው ተሸካሚ ነው። ጭነት ሲወርድ ተሸካሚዎቹ ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ የፊተኛው የሚደርሱበትን ቦታ እየጠራ ሰው ያስለቅቃል፣ ጆንያ አንገቱን ያስደፋው የኋለኛው ደግሞ ድምፁን ተከትሎ ይሄዳል። እሱ ያልጠራው ሰፈር እንደሌለ ይቆጠራል። በለጥሻቸው ይህን ታውቃለች።

በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ፣ በገብርኤል ቀን፣ በራፏ ላይ ጠላና ንፍሮ አቀረበች። «ወደ ገብርኤል!» እያለ የመጣ ተሸካሚ ጠግቦ ይሄዳል። «ከቆዳው ጀርባ» እያለ የመጣውን ግን «ሂድ፣ ቆዳው ያጠጣህ!» ብላ ታባርረዋለች። መጀመሪያ ለጠላው ሲሉ ጠሩት፣ ቀስ በቀስ አፋቸው ለመደው። እኔ በሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን በኩል ነገር ይመጣል ብዬ ስፈራ፣ አቡጀዴ ነጋዴው ጁነዲን «ጅብሪል አይደል እንዴ? የኛም ነው» ብሎ ለደንበኞቹ አድራሻውን በዚሁ ስም ይነግር ጀመር።

ስሙ ሲደምቅ አንድን ሰው ቆረቆረው። የሱቆቻችን ባለቤት አቶ ሀብተ ወልድ በገዛ ገንዘባቸው ታርጋ አስጽፈው መጡና በእኔ በር አናት ላይ አስቸነከሩት፤ «ሀብተ ወልድ መንገድ»። ከዚያ ወደ በለጥሻቸው ዞር አሉ።

«ይሄ የኩሊ ድግስሽ ይብቃ። ያለዚያ ሱቄን ልቀቂ።»

«ስለት ነው ጌታዬ።»

«የምን ስለት ነው? ልጅሽ ሞታለች! ገብርኤልም ቢሆን አይጠይቅሽም።»

እንዲህ ያለ ነገር ለእናት ይነገራል? በለጥሻቸው ግን ድምፅዋን እንኳ አላነሣችም።

«ልክ ነዎት፣ ለገብርኤል ዕዳ የለብኝም። ግን ስሳል ልጄ ተኝታ ትሰማኝ ነበር። ስገባ ‹እማዬ፣ ሲሻለኝ ቤታችን የት ነው ሲሉኝ ገብርኤል መንገድ ነው እላለሁ?› አለችኝ። አዎ አልኳት። ደስ ብሏት ነው የሞተች። ገብርኤልን ብዋሸው ይቅር ይለኛል፤ እሷን ግን አልዋሻትም።»

በማግስቱ ሱቁን ለቀቀች። ጌሾዋን ከመንገዱ መግቢያ ላይ፣ ፀሐይና ዝናብ በሚፈራረቅበት ሜዳ፣ በጆንያ ዘረጋች። ንፍሮዋን ግን አንድም ወር አላስታጎለችም። እኔም ታርጋው በራሴ በር ላይ ሆኖ ስሙን አንድ ቀን አልጠራሁትም። ላባርርሽ ካሉ ይሞክሩኝ እያልኩ ነው በርበሬዬን የሸጥኩት።

ክረምቱ ሲገባ የአቶ ሀብተ ወልድ ጤፍ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ከጎጃም መጣ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሾፌሩ ቶሎ አውርዱልኝ ይላል፣ ሸራው የተቀደደ ነው። እኔ ዕቃ ልገዛ እዚያው ጎጃም በረንዳ ነበርኩ።

«ወዴት ነው ጌታዬ?» አላቸው በሪሁን ጤፋቸውን ሊያስወርዱ የመጡትን አቶ ሀብተ ወልድን።

«ወደ ሀብተ ወልድ መንገድ።»

በሪሁን ወደ ሰዎቹ ዞረ። «የሚያውቀው አለ?» ሁሉም «የለም» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን ማለታችሁ ነው? ከቆዳው ጀርባ ያለው!»

«እሱማ ድሮ ቀረ፣ ጌታዬ።»

አቶ ሀብተ ወልድ ሌላ ተሸካሚ ፈለጉ፤ ከሰባተኛ ሰፈር ድረስ አስጠሩ፤ የመጣው ሁሉ «አላውቀውም» ነው መልሱ። የበለጥሻቸውን ንፍሮ ያልቀመሰ ተሸካሚ ከየት ይመጣል? የዝናቡ ጠብታ ጆንያው ላይ መውረድ ጀመረ። ሰውየው ጤፋቸውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ።

«ወደ ገብርኤል» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

«አልሰማሁም» አለ በሪሁን።

«ወደ ገብርኤል ነው አልኩ!»

በሪሁን የመጀመሪያውን ጆንያ አነሣ። «ዞር በል! ወደ ገብርኤል!» ከኋላው ያሉት ሁሉ ተቀበሉት። እኔም ጥላዬን ይዤ ከኋላ ሮጥኩ፤ ይህን ሳላይ ልቅር እንዴ? መንገዱ መግቢያ ላይ ስንደርስ በለጥሻቸው ከጌሾዋ አጠገብ ቆማ ሰልፉን አየች። ከሰልፉ መሐል አቶ ሀብተ ወልድ ራሳቸው፣ ካባቸውን ዝናብ እያራሰው፣ የተሳሳተውን ተሸካሚ «በዚህ ነው፣ በዚህ፣ ገብርኤል በዚህ ነው!» እያሉ ይመልሳሉ።

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ እኔ ስቄ ልሞት ነው። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ «ሠርኬ፣ ጌሾዬን እዪልኝ» አለችኝና መንገድ ጀመረች።

«በዚህ ዝናብ ወዴት?»

«ራጉኤል። ከተቀበረች ጀምሮ ሄጄላት አላውቅም። የነገርኳት ሳይሆን በምን አፌ እሄዳለሁ?»

«ዝናቡ ይቁምልሽ እንጂ!»

አልቆመችም። ጥላዬን ይዤ ተከተልኳትና ደረስኩባት፤ ፊቷን ሳይ ግን ጥላውን አስያዝኳትና ተመለስኩ። ያኔ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ስታለቅስ ያየኋት።