አልጠፋም

ኮማንደር ነጅመዲን መኪናውን ከታች አስቁሞ የጉራራን ዳገት በእግሩ ሲያያዘው፣ ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ የቤቶቹን ጣሪያ ውጦት ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ነጩን ዩኒፎርም የለበሰው ሆን ብሎ ነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ በሹራብ አይነገርም ብሎ። ሹፌሩ "ጭቃው ያበላሽብዎታል፣ ጌታዬ" ቢለው "ተወው፣ ይታጠባል" አለው።

ሰፈሩ ለዚያ ልብስ ቀልድ አጥቶ አያውቅም። "ኮማንደር፣ ባሕሩ ደረሰ ወይ?" ይሉታል ጎሚስታው ደጃፍ የሚቀመጡት። "መንገድ ላይ ነው" ይላቸዋል። ምን ያድርግ! ባሕር በሌለው አገር የባሕር ኃይል መኮንን መሆን ራሱ ማስረዳት ይፈልጋል፤ የባሕር ኃይል የሕግ ሰው መሆንማ ጭራሽ። ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። በባሕር ኃይሉ ውስጥ ዩኒፎርም ለብሰው ሕግ ከሚሠሩት ሁሉ የበላይ እሱ ነው። አዛዡ ከመፈረሙ በፊት "ነጅመዲን ምን አለ?" ብሎ ይጠይቃል። አንድ መርከበኛ አጥፍቷል ወይስ አላጠፋም፣ ከድቷል ወይስ አልከዳም፣ የመጨረሻው ቃል የሚወጣው ከእሱ ጠረጴዛ ነው።

ዛሬ ይዞት የመጣው የሱፊያንን ጉዳይ ነበር።

ሱፊያን ዳገቱ ጫፍ ላይ ሱቅ ያላት የዘሀራ ልጅ ነው። ዋና የተማረው ቀበና ወንዝ ውስጥ ነው፤ ለዚያውም እናቱ እየገረፈችው። የኮማንደሩን ነጭ ልብስ እያየ አደገና አንድ ቀን "እኔም" አለ። ዘሀራ ባሏን በጊዜ የቀበረች ሴት ናት፤ ያላት ሱፊያንና አግብታ አያት ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ልጇ ሰሚያ ብቻ ናቸው። ልጁ ሊሄድ ሲል የነጅመዲንን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና "አደራ፣ ወንድሜ" አለችው። "በእኔ ይሁንብሽ" አላት። ሰው ደግሞ ይህችን ቃል እንዴት በቀላሉ ይናገራታል!

በበጋው፣ መርከበኞቹ በሚለማመዱበት ሐይቅ ላይ ድንገተኛ ነፋስ ተነስቶ አንዲት ትንሽ ጀልባ ገለበጠ። ሁለት ልጆች ነበሩባት። ፊልሞና የሚባለውን ራሱን እንደሳተ አወጡት። ሱፊያንን ግን ቢፈልጉ፣ ቢያስፈልጉ አጡት። ያን ጊዜ ነው ወሬው የተነሳው። ከምልምሎቹ ሁሉ ዋናተኛው እሱ ነው፤ እንዴት እሱ ሰምጦ ፊልሞና ይተርፋል? ማዶ ሰፈር በኩል ልብሱ የራሰ ጎረምሳ አየን ያሉም አልጠፉም። እናም "ጠፋ" ተባለ።

በሕጉ መጽሐፍ ላይ ነገሩ ኩብለላ ይባላል። በካምፕ ግን ማንም ኩብለላ ብሎ አፉን አያጣምምም። "እገሌ ጠፋ" ካሉ፣ ጥሎ ሄደ፣ ከዳ ማለት ነው። ነጅመዲን ሃያ ምናምን ዓመት ከዚህ ቃል ጋር ኖሯል። "ጠፍቷል" ብሎ የፈረደባቸው አሉ፤ "አልጠፋም" ብሎ ስማቸውን ያጠበላቸውም አሉ።

የጀልባዋ ወሬ ጉራራ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ዘሀራ አንድ ቀን ቤቱ ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም።

"ሰው የሚለውን እሰማለሁ" አለችው። "እርስዎ ሕግ አዋቂ ነዎት፣ የበላያቸውም ነዎት። ልጄ ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም? እሷን ብቻ አጣርተው ይንገሩኝ።"

"ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ" አላት።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረውም ማለት ይቻላል። መኮንኖቹ "ነገሩ ግልጽ ነው፣ ይፈረምና ይዘጋ" ሲሉት "አይዘጋም" ይላል። ሐይቁ ድረስ ስንት ጊዜ ተመላለሰ። እናቲቱ መሞቱንማ በሆዷ ታውቀዋለች፣ የሚያቃጥላት የልጇ ስም ነው ብሎ አሰበ። ማን ነገረው? ማንም። ራሱ አስቦ፣ ራሱ ፈርዶ ነው። ሕግ አዋቂ መቼም እንዲህ ነው፤ ያልተጠየቀውን ይመልሳል።

በመጨረሻ፣ ከአደጋው ወዲህ ሳይናገር የቆየው ፊልሞና አፉ ተፈታ። "ላይፍ ጃኬቴን ማዕበሉ ወሰደው። ሱፊያን የራሱን አውልቆ አለበሰኝ" አለ። በዚያው ሰሞን ዓሣ አጥማጆች ከደንገሉ ሥር አስከሬን አገኙ፤ ምርመራውም የሱፊያን መሆኑን አረጋገጠ። ነጅመዲን አስተያየቱን ጽፎ ሲጨርስ አለቀሰ። ደስ ብሎት ነው ያለቀሰው፤ ይህንን እኔ አልደብቅለትም። አደራውን የተወጣ መስሎታል። አስከሬኑ በማግሥቱ ሊመጣ ነው። መጀመሪያ ጥሩውን እነግራታለሁ፣ የቀረውን ቀስ ብዬ፣ እያለ ነው ዳገቱን የወጣው።

ዘሀራ ለአንዲት ሴት ሳሙና እየሰጠች ነበር። ሴትዮዋ እታገኝ ትባላለች፤ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ ስትወርድ ሁልጊዜ እዚያ ታርፋለች። ሸክሟን ግድግዳው ላይ አስደግፋዋለች። ነጩን ልብስ ሲያዩ ሁለቱም ቀና አሉ።

ነጅመዲን በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዳገቱ አስለክልኮታል።

"ዘሀራ" አለ፣ "ቃል በገባሁልሽ መሠረት ራሴ መጣሁ። አጣርቻለሁ። ሱፊያን አልጠፋም።"

ሳሙናው ከእጇ ወደቀ።

"አልጠፋም?"

"አልጠፋም። ወላሂ አልጠፋም! ነገ ለሁሉም ይነገራል።"

"አልሐምዱሊላህ! ያ ረቢ! አልሐምዱሊላህ!" ባንኮኒውን ዞራ እንዴት እንደደረሰች አላየም፤ ብቻ በጭቃ የተለወሰ ጫማው ላይ ተደፍታ አገኛት። "ኧረ ተይ፣ ተነሺ" እያለ ሊያነሳት ሲታገል እታገኝ እልልታዋን ለቀቀችው። እልልታው ጭጋጉን ሰንጥቆ ወረደና ከየቤቱ ሰው ወጣ። "ምንድን ነው?" "ሱፊያን ተገኘ!" "የዘሀራ ልጅ?" "አልጠፋም አሉ፣ ኮማንደሩ ራሳቸው መጥተው!"

ተገኘ። ነጅመዲን ምን እንዳለ የገባው ይህችን ቃል ሲሰማ ነው።

ዘሀራ ስልኳን አንስታ እየደወለች ነበር። "ሰሚያ! ሰሚያዬ! ወንድምሽ አልጠፋም! ኮማንደር እዚሁ ናቸው!" ከስልኩ ውስጥ የሰሚያ ጩኸት ተሰማ። ዘሀራ ፊቷን አዙራ በእንባ መሀል እየሳቀች "ከስቷል? ሐኪም ቤት ነው እንዴ የነበረው? መቼ ነው የሚመጣው?" አለችው።

"ነገ" አለ ነጅመዲን። እውነቱን ነው፤ ነገ ነው የሚመጣው። "ዘሀራ... አልጠፋም ያልኩሽ... አልከዳም ማለቴ ነው። ጥሎ አልሄደም። ጓደኛውን አድኖ ነው... ጃኬቱን ለጓደኛው ሰጥቶ..."

ሌላ መጨመር አላስፈለገውም። እታገኝ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ዘሀራ ባንኮኒውን ተደግፋ ቆመች። ዩኒፎርሙን፣ ጉልበቱ ላይ በእጇ የቀባችውን ጭቃ ተመለከተች።

"አልከዳም" አለች። "ልጄ አለመክዳቱን እርስዎ ሊነግሩኝ ነው? እሱን እኔ ነኝ የወለድኩት። እኔ የጠየቅሁዎት ጠፍቷል ወይ ብዬ ነው። አለ ወይስ የለም ብዬ።"

"ሰው የሚለውን እሰማለሁ ስትዪኝ እኮ..."

"ሰው የሚለውማ ሞቷል ነበር፣ ኮማንደር። ሞቷል ይሉኝ ነበር። ከድቷል ቢሉኝማ በወደድኩ! የከዳ ሰው የሆነ ቦታ አለ።"

ያን ሁሉ ጊዜ ሲመላለስ፣ ያን ሁሉ ገጽ ሲጽፍ፣ እናቲቱን አንድ ቀን መጥቶ "እንዴት ነሽ?" አለማለቱ ትዝ አለው። አስተያየቱ ውስጥ እንኳ "ሕይወቱ ያለፈ" ብሎ ነው የጻፈው፤ ያችን አጭሯን ቃል የትም ቦታ አላሰፈራትም።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። "እማ? ሀሎ፣ እማ?" ትላለች ሰሚያ፣ አሁንም እየሳቀች። "አጠገብሽ ነው እንዴ? ስጪኝ እስቲ፣ ድምፁን ልስማው!"

ዘሀራ ስልኩን ለኮማንደሩ ዘረጋችለት።

"ለእሷ እርስዎ ይንገሯት" አለች። "በእኛ አማርኛ።"

ስልኩን ተቀበላት። በሁለት እጁ ነው የያዘው።

"ሰሚያ" አለ፣ "ነጅመዲን ነኝ። ሱፊያን ሞቷል።"