ውሃው እንዴት አደረ?

«እሷ ናት» አለች የሟቹ እህት፣ አፏን ወደ ሟቹ ባለቤት ጆሮ አስጠግታ። «ያቺ የስልኳ ሴትዮ።»

ባለቤቱ ቀና አላለችም። ቀና ሳትል ግን በዓይኗ ጥግ ሁሉንም አየች፦ ጭቃ የያዘውን ቦት ጫማ፣ ያበጡትን ዓይኖች። ያበገኗት ዓይኖቹ ናቸው። «ደግሞ እሷ ምኗ ሞቶባት ነው የምታለቅሰው?» አለች በሆዷ።

ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሟቹ አናጺ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ በገዛ እጁ ጀልባ ሠርቶ ጎህ ሲቀድ ወንዙ ላይ መቅዘፍ ጀመረ። ዝም ብሎ ግን አይወጣም። መጀመሪያ የሬዲዮውን የአየር ትንበያ ያዳምጣል፤ ቀጥሎ መስኮት ከፍቶ የጎረቤት ዛፍ ወዴት እንደሚያጎነብስ ያያል፤ በመጨረሻ ላይኛው ድልድይ ጋ የወንዙን ከፍታ ለምትለካው ሴት ይደውላል።

«ውሃው እንዴት አደረ?»

አልጋ የተጋራችውን ሚስቱን እንዴት አደርሽ ሳይል! እሷም የተኛች መስላ ትሰማዋለች። ሲስቅ ትሰማዋለች። አንድ ማለዳ ውሃ ለኪዋ «ደፍርሷል፤ ነፋሱም ፊቱን አዙሯል፤ ዛሬ ይቅርብዎት» ስትለው፣ ጫማውን አውልቆ ተመልሶ ተኛ። ባለቤቱ ደግሞ ደረቱን በያዘ ቁጥር «ሐኪም ቤት እንሂድ» ብላ ሁለት ዓመት ለምናዋለች። መልሱ «ነገ» ነበር። ሞትም የመጣው በውሃ አይደለም፤ ቀዝፎ ተመልሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለ።

ሴትዮዋ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ።»

«አንቺን ይሰማሽ ነበር» አለቻት። ድምጿ እንዳሰበችው ዝቅ አላለላትም፤ ሰዎች ዞር አሉ። «አንቺ ቅር ስትዪው ይቀራል፤ እኔ ስለምነው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ምን አቅምሰሽው ነው?»

የሟቹ እህት ቀሚሷን ጎተት አደረገቻት።

ውሃ ለኪዋ አልተቆጣችም። «እኔንም ሁሌ አይሰሙኝም ነበር» አለች። «‹ዛሬ ውሃው እስከ ሦስት ሰዓት እንደረጋ ነው፤ እንደልብዎ ይቅዘፉ› እላቸዋለሁ። ‹አይ፣ አንድ ሰዓት ላይ ቤት መግባት አለብኝ፤ ሚስቴ ሻይ ብቻዋን አትወድም› ይሉኛል።» አቀርቅራ ጣቶቿን አፍተለተለች። «እኔ ባሌ ጥሎኝ ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ እንዲያ ሲሉኝ እቀናብዎት ነበር።»

ባለቤቱ ሻይ ብቻዬን አልወድም ብላ አታውቅም። እሱ ነበር ሁለት ብርጭቆ ቀድቶ የሚጠብቃት፤ እሷ ነበረች በኩርፊያ የምታቀዘቅዘው። በመጨረሻው ማለዳም «ኧረ ሻይሽ ቀዘቀዘ!» ብሎ ሲጣራ ሰምታለች። ከመኝታ ቤት አልወጣችም። ሁለተኛም አልጠራትም።

ይህችን ደግ ቃል እንኳ ለሌላ ሴት ነው የነገራት። ቅናቱ እንደገና ተነሳባት።

ሴትዮዋ ልትሄድ ስትነሳ ተከትላት እስከ በር ወጣች። ውጪ ነፋስ ነበር፤ የእንግዳዋን ካፖርት ወለል አድርጎ ከፈተው። ባለቤቱ ጠጋ ብላ የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈችላት። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሦስተኛውን፣ እስከ ታች።