የዋሴ እግርና ስድስት ሚሊ

ከዚህ በታች ከምጽፈው አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ የደባርቅ ብርድ አጥንቴን ሰንጥቆ ይግባ። እኔን የሚያህል ብረት ሠራተኛ ከሊማሊሞ እስከ ተከዜ የለም፤ ይህን ደግሞ እኔ ሳልሆን አገር ነው የሚለው።

ነገሩ የዋሴ እግር ነው። ዋሴ በቅሎ ነጂ ነው፤ ተራራ ሊጎበኝ የመጣን እንግዳ ጓዝ ጭኖ ከሳንቃ በር እስከ ጨነቅ ይመላለሳል። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ካጣ ወዲህ የሚረግጠው በሰው ሠራሽ እግር ነው። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ያንን እግር እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ በምርኩዝ ተደግፎ ሥራ ቤቴ ገባ። ቧንቧውን ከመርገጫው የሚያያይዘው ብረት ተሰብሯል።

«እሑድ ተራዬ ነው» አለኝ።

የበቅሎ ነጂ ተራ ቀልድ አይደለም። ስም ከመዝገብ ይጠራል፤ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ በቅሎውን ይዞ ያልቆመ ወደ መጨረሻ ይወርዳል። ከፊቱ አራት መቶ ሰው ይሰለፋል፤ እኔ ስቆጥር እንኳ አምስት መቶ ነው። ያመለጠ ተራ ተመልሶ እስኪመጣ ክረምት ይገባል። ዋሴ ደግሞ ከዚያች በቅሎ ሌላ ጥሪት የለውም።

«ቁጭ በል፣ አሁኑኑ እሠራታለሁ» አልኩት።

«እግሩን የሠሩልኝ ሰዎች ቀዳዳዋ ስድስት ሚሊ ትሁን ብለውኛል። ቡሎኑ የስድስት ነው። ከሰፋ መርገጫው ይዞራል።»

«አንተ ደግሞ ለእኔ ሚሊ ልታስተምር?»

«አላስተምርህም፤ ተራዬን ነው የምነግርህ።»

ብረቷን ቆርጬ በሞረድ አሳመርኳት። የቀረው ቀዳዳው ነው። የመሰርሰሪያ ፑንታ እንደሆነ እኔ ዘንድ ሁለት ሺህ አለ፤ ግን ሁሉም የኢንች። እዚህ አገር ሩብ ኢንቹን «ስድስት ነው» ብለው ይሸጡልሃል፤ ለበር ማጠፊያ ማን ይለካዋል? ሩብ ኢንች ግን ስድስት ሚሊ ከሲሶ ነው። ሲሶዋ በር ላይ አትታወቅም። እግር ላይ ገደል ናት።

ስለዚህ ዳባት ወረድኩ። መኪናው ሞልቶ ነበርና በእግሬ፤ አርባውን ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት። በቀጥታ ሐጂ ሱሌማን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገባሁ።

«ሐጂ፣ የስድስት ሚሊ ፑንታ ይስጡኝ። ኢንች እንዳያሸክሙኝ!»

«ኧረ ደርቤ፣ ለአንድ ቀዳዳ ይህን ያህል?» ብለው አንድ ሣጥን ሙሉ ዘረገፉልኝ። «ቁጥሩ ተፍቋል፤ ለይተህ ውሰድ።»

ሺህ ፑንታ አንድ በአንድ ለካሁ። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ኢንች ነው። የመጨረሻዋ ስድስት፤ ፀጉር ያልጎደላት፣ ፀጉር ያልበለጣት። ሐጂ አለቀሱ።

ደባርቅ ተመልሼ ብረቷን በሞርሳ አሰርኩ፤ መሃሏን በሹል ብረት መትቼ ምልክት አደረግሁ፤ ዘይት እያንጠባጠብኩ በዝግታ በሳሁ። ጣቶቼን ብርዱ አደንዝዟቸው የኔ አይመስሉም። ቡሎኑ ገባ፤ ትንፋሽ እንኳ አያሳልፍም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። እጄን በጨርቅ ጠረግሁ። ዋሴ እግሩን አጠለቀ።

እሑድ በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት!» ብሎ ብቅ አለ። ስምንት በቅሎ እየነዳ፣ ሳያርፍ ጨነቅ ደረሰ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሳይቀሩ ሣራቸውን ትተው ቆመው አሳለፉት።

ይህን ጽፌ ስጨርስ፣ የጎደለ ሙገሳ ካለ ይጨምርበት ብዬ ለራሱ ለዋሴ ላነብለት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ጥሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ዳባት አልወረድክም፣ ደርቤ። ሐጂ ሱሌማን ሱቃቸውን ዘግተው ጎንደር ከገቡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከመደርደሪያህ ሩብ ኢንቹን አነሳህና ‹ያው ነው› ብለህ በሳኸው። እሑድ በቅሎዬን ልጭን ስል መርገጫው ዞረ። ወደቅሁ።»

«ዋሴ...»

«የሚጠሩን እኮ ከአጥሬ ጀርባ ነው። ከወደቅሁበት ስሜን ሦስት ጊዜ ሲጠሩት ሰማሁ። አቤት አላልኩም።»