አባትሽ የላከው ስጦታ

እኔ ፅጌረዳ ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። መካኒሳ አቦ ያለችው የልብስ ስፌት ሱቄ የሚመጡ ደንበኞች እንኳ «ዛሬ ፊቷ እንዴት ነው?» ብለው በበሩ አጮልቀው አይተው ነው የሚገቡት። የዚያን ሰኞ የሠራሁትን ግን በቁጣ ብቻ አላሳብብም። ምን እንደነካኝ እስካሁን ግራ ይገባኛል።

ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ባለቤቴ ወጋየሁ ለሥራ ሀዋሳ ከሄደ ወር ሊሞላው ነው። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ቤቴል ዝናቡ አላስወጣ ሲላት አሮጌው ስልኬ ላይ ተጥዳ ጌም ስትጫወት ትውላለች። እኔም ዝም ብያታለሁ። ከቤት አትወጣ፣ ከዓይኔ ሥር አትርቅ፣ ምን ትሆናለች ብዬ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ስልኩ ቻርጅ ላይ እንዳለ ጢው አለ። ጌም ውስጥ መልእክት መላላክ እንደሚቻል እንኳ አላውቅም ነበር። ላኪዋ «ሚሚ» ትባላለች፤ ፎቶዋ ቀይ አበባ ነው።

«ቤቴልዬ፣ አባትሽ ወጋየሁ የላከልሽ ስጦታ እኔ ጋ ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ለቡ መብራት ኃይል፣ ታክሲ መውረጃው ጋ ጠብቂኝ። ብቻሽን ነይ። ለማሚ እንዳትነግሪያት፣ ሰርፕራይዝ ነው።»

ደሜ ፈላ። ለማሚ እንዳትነግሪያት! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ወጋየሁ ለቡ ሴት አስቀምጧል። ሀዋሳ ሀዋሳ የሚለው ለካ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ነው! አሁን ደግሞ ልጄን በስጦታ ሊያለማምዳት። ኢየሱስ! አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሸሚዝ የተኮስኩለት ሰውዬ!

ደወልኩለት፤ አያነሳም። ደገምኩ፤ አያነሳም። አለማንሳቱን ራሱ ማስረጃ አደረግኩት።

ስልኩን ቦታው መልሼ ምንም እንዳላየ ሰው ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ቤቴል ጫማዋን አድርጋ፣ ስልኩን ኪሷ ከትታ ብቅ አለች።

«ማሚ፣ ቤዚ ጋ ልሂድ?» ቤዚ የጎረቤታችን ልጅ ናት።

በሌላ ቀን ቢሆን ስንት ጥያቄ እጠይቃት ነበር።

«ሂጂ» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «እውነት ልሂድ?»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ!»

አዎ፣ የት እንደምትሄድ እያወቅኩ ላክኋት። ሐሳቤ ከኋላዋ ተከትዬ ሚሚን እጅ ከፍንጅ መያዝ ነበር። ወደ ለቡ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ስትገባ ከሩቅ አይቼ ቀጥሎ የመጣው ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ ለሚሚ የማዘንብባትን ስድብ በልቤ እደረድራለሁ።

ለቡ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ዝናቡ መንገዱን ቆላለፈው። የቤቴል ታክሲ ቀድሞ አልፏል። ወጋየሁ የደወለው ያኔ ነው።

«ስብሰባ ላይ ሆኜ ነው፣ ምነው በሰላም?»

«እሷ ጋ እየሄድኩ ነው። ዛሬ አለቀልህ!»

«ማን ጋ?»

«ሚሚ ጋ! ለቡ ያስቀመጥካት!»

«የምን ሚሚ? ፅጌ፣ ደህና ነሽ?»

ታክሲው ሙሉ ሰው ጆሮውን ቢያቆምም ግድ አልሰጠኝም፤ መልእክቱን በቃሌ አነበነብኩለት።  ተያዘ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል፣

«እኔ ምንም ነገር አልላክሁም» አለ ቀስ ብሎ።

«ትክዳለህ!»

«ፅጌ፣ ልጅቷ የት ናት?»

 ሳልመልስለት ደገመው፤ «ልጄ የት ናት?»

«ከፊታችን ባለው ታክሲ ሄዳለች» አልኩ። ስናገረው ነው የገባኝ።

«ወራጅ!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ እዚህ መውረድ አይቻልም ምናምን ሲል በሩን ራሴ ስቤ ከፈትኩት። በዚያ ዝናብ፣ በጭቃው መሀል፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ እሮጣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። «ጌታ ሆይ አድርስልኝ፣ ጌታ ሆይ አድርስልኝ» ከማለት በቀር ጸሎት እንኳ ጠፍቶብኛል።

ቤቴል መውረጃው ጋ፣ አንዱ ሱቅ ጥላ ሥር ብቻዋን ቆማ ነበር። አቅፌ ያዝኳት።

«ማሚ? ሰርፕራይዙን ነገሩሽ እንዴ?»

ሳልመልስላት ስልኩ እጇ ላይ ጢው አለ።

«ብቻሽን ነይ አላልኩሽም?»

ያየናል ማለት ነው። ዞር ዞር አልኩ። በቆሎ የሚጠብስ ሰው አለ። ቆሞ ስልኩን የሚነካካ ጎረምሳ አለ። መስታወቱ የተዘጋ መኪና አለ። ጃንጥላ የያዘ ጨዋ የሚመስል ሽማግሌ አለ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ማንኛው ነው? ወይስ እውነት ሴት ናት? ማን ላይ ልጩህ? የተቆጣሁትን ያህል የምቆጣው ሰው አጣሁ።

ጎትቼ አንድ ካፌ ውስጥ አስገባኋትና ግድግዳ ተደግፈን ተቀመጥን። ወጋየሁ በስልክ «መልእክቱን እንዳታጠፉት፤ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ፤ እኔም አሁን ተነስቻለሁ» አለን። 

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት ቤቴልን፣ ድምፄን እንደምንም ዝቅ አድርጌ።

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ትቆጪያለሽ ብዬ ነዋ። እሷ ደግሞ ጌሙ ላይ በስሜ ፈልጋ ነው ያገኘችኝ፤ ታውቀናለች። የአባዬን ስም ታውቃለች፣ ሀዋሳ እንዳለ ታውቃለች፣ ትምህርት ቤቴን ታውቃለች፣ ከክፍል ሁለተኛ እንደወጣሁም ታውቃለች። አባዬ ካልነገራት ማን ይነግራታል?»

እውነትም ማን ይነግራታል? ሰፈር ውስጥ የማውቀውን ሰው አንድ በአንድ በልቤ ጠረጠርኩ። ከዚያ አንድ ነገር ሽው አለብኝና የራሴን ስልክ አውጥቼ ፎቶ የምለጥፍበትን ገጼን ከፈትኩ።

የሰኔውን ሰርተፍኬቷን ለጥፌዋለሁ። የቤቴል ወጋየሁ ፎቶ፣ የትምህርት ቤቷ ማኅተም፣ ደረጃዋ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከላዩ በገዛ ጣቴ «አባቷ ለሥራ ሀዋሳ ስላለ አላየላትም፤ እንኳን ደስ አለህ በሉልኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። ብዙ ሰው ብሎልኛል። ከእንኳን ደስ አላችሁዎቹ መሀል ቀይ አበባ አየሁ፤ ሚሚ ናት። «እንዴት ደስ የምትል ልጅ ናት! ጌም ትወዳለች?»

ከሥሩ የእኔ መልስ አለ፤ «አሜን፣ ተባረኪልኝ የኔ ቆንጆ! ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ናት።»

«ማሚ? ምን ሆንሽ?»

«የነገርኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

ቤቴል እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አየችኝ። «ታዲያ ታውቂያታለሽ ማለት ነው?»

«አላውቃትም» አልኳት።